ነዳጅ ሰልፍ ላይ የሰማሁት «ግሬስ»

ሲዲው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ሻንጣውን ሳሎን መሀል ዘርግፎ ለሁሉም አደለ፤ ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለወንድሜ ስኒከር፣ ለእኔ ደግሞ ማቀፊያው ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ሲዲ። «አንተ ሙዚቃ ትወዳለህ ብዬ ነው» አለኝ። ስልክ ሲጠብቅ ለከረመ ሰው ሲዲ! አመሰገንኩ፣ ምን አደርጋለሁ። ቤታችን ውስጥ ሲዲ የሚጎርስ ዕቃ አንድ ብቻ ነው የቀረው። እሱም የወንድሜ አሮጌ ኮሮላ ነው።

ስለዚህ ሲዲው ኮሮላው ውስጥ ሁለት ወር ተኛ።

የምንኖረው የካ አባዶ ነው። የአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ለገጣፎ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር። እዚህ የሚኖር ሰው ሁለት ነገር ይለምዳል፤ ንፋስና ሰልፍ። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የውኃ ሰልፍ አለ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ የነዳጅ ሰልፍ። የዛን ሰሞን ወንድሜ ወገቡን አሞት ተኝቶ ስለነበር መኪናውን ይዤ እንድሰለፍ የተፈረደብኝ እኔ ነኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ቀደምኩ ብዬ ነው። ለካ ሰዉ እዚያው አድሯል! ከፊቴ የተደረደረውን መኪና መቁጠር ጀመርኩና ስልሳ አካባቢ ስደርስ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት። ጨለማ ነው፣ ብርድ ነው፣ የስልኬ ጥቅል አልቋል፣ የኮሮላው ሬዲዮ ከተበላሸ ደግሞ ዓመት አልፎታል። የቀረኝ ሲዲው ነበር። አስገባሁት፣ ትንሽ አጉረመረመና ጎረሰው።

አልበሙ «ግሬስ» ይባላል፣ ጸጋ እንደማለት። ዘፋኙ ጄፍ በክሊ የሚባል የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። ግጥሙን የሚጽፍ፣ ጊታሩን የሚመታ፣ የሚዘፍነውም ራሱ። አልተርናቲቭ ሮክ ውስጥ ነው የሚመድቡት፤ እኔ ግን ሮክ ሲባል የጠበቅኩት ጩኸት ነበርና የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ሲዲ ማጫወቻው የተበላሸ ሁሉ መስሎኝ ነበር። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1994 ነው። ወደ እኛ ስመልሰው ነሐሴ 17 ቀን 1986 ዓ.ም. ሆነ፤ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት። 10 ዘፈን አለው፣ ርዝመቱ ከ51 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። የተቀረጸው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ውድስቶክ አጠገብ፣ ቤርስቪል በሚባል ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲውሰሩ አንዲ ዋላስ ነው፤ የሮክ ባንዱን የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ» አልበም ሚክስ ያደረገው ሰውዬ። በክሊ በሕይወቱ ሠርቶ የጨረሰው የስቱዲዮ አልበም ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ድምፁ። ይሄ ልጅ ከአልበሙ በፊት ኒውዮርክ ውስጥ ሺን-ኤ በምትባል ጠባብ ካፌ ብቻውን አንድ ጊታር ይዞ ነበር የሚጫወተው። የራሱንም የሰውንም ዘፈን። ከሚወዳቸው አንዱ የፓኪስታኑ የቀዋሊ (የሱፊ ሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ) ዘፋኝ ኑስራት ፋቴ አሊ ካን ነበር፤ «የእኔ ኤልቪስ እሱ ነው» ይል ነበር አሉ። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ አልበሙ ይከፈትላችኋል። ልጁ አንዲት ፊደል ይይዝና ወደ ላይ ያወጣታል፣ ያንከባልላታል፣ ይሰብራታል፣ ከዛ ወድቃ ተፈጠፈጠች ስትሉ ቀስ አድርጎ መሬት ያሳርፋታል። የነጭ ሮክ ብቻ ሲሰማ ላደገ ጆሮ ይሄ ሊበዛ ይችላል። ለኛስ? እኛ እኮ አንዷን «አ» ግማሽ ደቂቃ የሚያስኬዱ ዘፋኞች ይዘን ያደግን ሰዎች ነን። አልደነገጥኩም።

የመጀመሪያው ዘፈን «ሞጆ ፒን» ነው። (የኛ ሞጆ አይደለም፣ እኔም ለአፍታ ተስፋ አድርጌ ነበር።) ሲዲ ማጫወቻው ተበላሸ ያስባለኝ ይሄ ነው። ከሩቅ በሚሰማ ማንጎራጎር ይጀምራል፣ ጊታሩ እንደ ጠብታ ይንጠባጠባል፣ ከዛ ሳታስቡት ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይፈነዳል። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼው ስለነበር ሲፈነዳ ከፊቴ ያለው መኪና ውስጥ የተኛው ሰውዬ ብድግ አለ። ይቅርታ ወንድሜ።

ሁለተኛው የአልበሙ ስም የተወሰደበት «ግሬስ» ነው። የሁለቱንም ዘፈኖች ሙዚቃ ያመጣው ጋሪ ሉካስ የሚባል ጊታሪስት ነው፣ ጊታሩም ያስታውቃል፤ ቁጭ ብሎ አያጅብም፣ ይሮጣል። ግጥሙ ሞትን ስላለመፍራት ነው። ቀጥሎ «ላስት ጉድባይ» አለ፣ ከሁሉም በላይ ሬዲዮ የቀናው። አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ መጽሔት የአልተርናቲቭ ሮክ የደረጃ ሰንጠረዥ 19ኛ ደርሷል። ደስ ይላል፣ ቀላል ነው፣ ቤዙ ያስነቀንቃል። መለያየትን እንዲህ በሞቅታ የሚዘፍን ሰው ግን ትንሽ ያስጠረጥራል።

«ላይላክ ዋይን» የሱ አይደለም። የድሮ ዘፈን ነው፣ ኒና ሲሞንም ተጫውታዋለች። ሰውዬው ከአበባ የተጠመቀ መጠጥ ጠጥቶ የሚወዳት ስትመጣ ይታየዋል፤ መጣች ወይስ ሰከርኩ ነው ነገሩ። አንድ የጠጅ ቤት አዝማሪ ቢያገኘው በሁለት ስንኝ ይጨርሰው ነበር። በክሊ ግን አልቸኮለም። እያንዳንዱን ቃል አስቀምጦ ይጠብቃል፣ መሀል ላይ ያለው ዝምታ ውስጥ የሰልፉ ጥበቃ ሲያስል ይሰማኝ ነበር። ከዛ በኋላ «ሶ ሪል» መጣ፣ ሲዲው የተጫረው እዚህ ጋ ነውና «ሶ ሶ ሶ ሶ» እያለ ቆመ። ዳሽቦርዱን በቡጢ መታሁት። ዘለለው።

ከዛ «ሃሌሉያ»።

ይሄን ዘፈን ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ሠርግ ላይ፣ ፊልም ላይ፣ የሆነ ልጅ በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ላይ ሲታገለው። የበክሊን ግን ከመጀመሪያው ስሙት፤ ከጊታሩ በፊት ትንፋሽ አለ። «ህህ» ይላል፣ ሸክም አውርዶ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። ከዛ ጊታርና ድምፅ ብቻ ለ7 ደቂቃ ያህል። ድራም የለም፣ ምንም የለም።

መስታወቱ ተንኳኳ። ከኋላዬ የቆመው የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ ጋቢ የተከናነቡ፣ ጢማቸው ገብስማ የሆነ አባት። ዝቅ አደረግሁላቸው።

«አንተ ልጅ፣ የፈረንጅ መዝሙር ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ዘፈን ነው።»

«ሃሌ ሉያ እያለ?»

ምን ይባላል? «ይግቡ ጋሼ፣ ብርድ ነው» አልኳቸው። ገቡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ዝም ብለው ያዳምጡ ጀመር። ትንሽ ቆይተው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ዳዊት እግዚአብሔርን ደስ ያሰኘበት አንድ የተሰወረ ቅኝት ነበር ነው የሚለው አልኳቸው።

«እሱማ በገና ነው» አሉ። እንደ ተራ ነገር። የተሰወረ ምናምን የለም።

ሳቄ መጣ፣ ግን እውነታቸውን ነው። ፈረንጆቹ ስለዚህ አንድ ቅኝት ስንት ነገር ጽፈዋል። እኛ ጋ ግን ዕቃው ራሱ አለ፣ ስሙም የዳዊት በገና ነው፣ አሥር አውታር አለው፣ ሁዳዴ ሲገባ ከየቤቱ ይሰማል። የዓለሙ አጋን በገና የሰማ ሰው የበክሊን «ሃሌሉያ» ሲሰማ አንድ ነገር ሳይመሳሰልበት አይቀርም። ዜማው አይገናኝም፣ አትሳሳቱ። የሚመሳሰለው አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ሌላ ሰው ይሰማኛል ሳይል፣ ከአንድ መሣሪያ ጋር ሲያወራ ነው። በገና የሚያስለቅሰው በጩኸቱ አይደለም፣ ይሄም እንደዛው።

ጋሼ ግን አልለቀቁኝም። «ቀጥሎስ?» አሉ። ቀጥሎማ ነገሩ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። ሰገነት ላይ የምትታጠብ ሴት አለች፣ ወንበር ላይ ታስሮ የሚላጭ ሰው አለ። «እ… ስለ ሳምሶን ፀጉር ነው ጋሼ» አልኩና ወደ ውጭ አየሁ። «እሱም መጽሐፉ ላይ አለ» ብለው ረኩ። ተገላገልኩ።

ዘፈኑ የሱ አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይስታል። የሊዮናርድ ኮኸን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ። ያኔ ብዙም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1991 ጆን ኬል ስንኞቹን መራርጦ በፒያኖ ተጫወተው፣ በክሊ የሄደው በኬል መንገድ ነው። አንድ ዘፈን በሦስት ሰው እጅ አልፎ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ «የሱ ነው» ማለቱ ለባለቤቱ ያሳዝናል። እኛ ጋ ሰው ለሰው ሲወራረስ ዘፋኙ ማን እንደነበር የተረሳ ስንት ዜማ አለ፣ ስለዚህ ብዙ አልፈርድም።

አሁን ግን ልናገር የፈለግኩት ይሄን አይደለም። «ሃሌሉያ»ን ብቻ በስልካችሁ አውርዳችሁ አልበሙን ሰማሁት የምትሉ ሰዎች፣ አልሰማችሁትም። የዚህ አልበም ልብ ቀጥሎ ያለው 7ኛው ዘፈን ነው። «ላቨር፣ ዩ ሹድቭ ከም ኦቨር» ይባላል፣ «የኔ ፍቅር፣ መምጣት ነበረብሽ» እንደማለት። ሃርሞኒየም በሚባል በወናፍ በሚነፋ መሣሪያ ይጀምራል፤ የአኮርዲዮን ዘመድ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶም ይመስላል። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ዝናብ ውስጥ የሚሄዱ ቀባሪዎችን ያያል። ከዛ ስለራሱ ማውራት ይጀምራል፤ የሚወዳትን ልጅ በልጅነቱ፣ በችኩልነቱ እንዳጣት፣ አሁን አልጋው ተነጥፎ እንደሚጠብቅ። ጥፋቱ የሱ ነው፣ ያውቀዋል፣ ግን ይጠብቃል። ይሄ ምንድን ነው? ትዝታ ነው እንጂ! ቅኝቱ ሌላ ነው፣ ስሜቱ ግን አንድ ነው። ትዝታ ሰው የሚዘፍነው ትመለሳለች ብሎ አይደለም። እንደማትመለስ እያወቀ በሩን ክፍት አድርጎ ነው። መጨረሻው አካባቢ ድምፁን ይለቀዋል፣ በጣም ይለቀዋል፣ እና እዛች ጋ፣ ሊነጋ ሲል፣ አያት ሰፈር አጠገብ ነዳጅ ሰልፍ ውስጥ፣ እኔም ትንሽ አይኔን አሸሁ። ጋሼ አይተዋል፣ ግን ጨዋ ስለሆኑ መንገድ መንገዱን አዩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ። «ኮርፐስ ክሪስቲ ካሮል» የእንግሊዛዊው ቤንጃሚን ብሪተን ሥራ ነው፣ እንደ ሕፃን መዘምር ሆኖ በቀጭኑ ይዘፍነዋል። ያምራል፣ ግን ከ«ላቨር» በኋላ ሌላ እንባ አልፈልግም ነበር። «ኢተርናል ላይፍ» ደግሞ ቁጣ ነው፣ ጊታሩ ይጮኻል። እውነቱን ልናገር፣ ይሄን ዘፈን አልወደድኩትም። ሮክ ባንድ መሆናችንን አትርሱ ብለው የጨመሩት ይመስላል። ሌላ አልበም ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ እዚህ ግን ለቅሶ ቤት በሞተር ሳይክል እንደመግባት ነው። መጨረሻው «ድሪም ብራዘር» ነው። ይሄን የጻፈው ነፍሰ ጡር ፍቅረኛውን ጥሎ ሊሄድ ለነበረ ጓደኛው ነው። አባቴ እንዳደረገው አታድርግ ነው የሚለው።

አባቱ ቲም በክሊ ነው። እሱም ዘፋኝ ነበር፣ ያውም ስመ ጥር። ልጁን ሳያሳድገው እ.ኤ.አ. በ1975 በ28 ዓመቱ አደንዛዥ ዕፅ በዝቶበት ሞተ። ጄፍ ያኔ 8 ዓመቱ ነው፣ ልጅነቱንም በእንጀራ አባቱ ስም ነው ያደገው። በ1991 ብሩክሊን ውስጥ ሴንት አንስ ቤተ ክርስቲያን ለአባቱ መታሰቢያ ኮንሰርት ሲዘጋጅ ሄዶ ዘፈነ፣ ሰው መጀመሪያ ያወቀው ያኔ ነው። አባቱን በማያውቀው ልጅ አፍ የአባቱን ድምፅ መስማት፣ አስቡት። ይሄን ይዛችሁ «ድሪም ብራዘር»ን ስሙት።

ሰዉ እንዴት ተቀበለው የሚለው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሲወጣ ብዙም አልተሸጠም። በአሜሪካው ቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ከ149ኛ በላይ አልወጣም። 149! ያ ዘመን የግራንጅ ዘመን ነው፣ ሸሚዝ ወገብ ላይ አስሮ የሚጮህ ሰው ነበር የሚፈለገው፣ ይሄ መጥቶ እንደ ቄስ ልጅ ሲያዜም ማን ይስማው። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ያኔ ከ5 ኮከብ 3 ሰጠው። የሚገርመው ራሱ መጽሔቱ በ2020 ባወጣው የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞች ዝርዝር 147ኛ አደረገው። በሽያጭ 149ኛ፣ በምርጥነት 147ኛ፤ ይቺን ሳያት ብቻዬን ሳቅኩ።

ሙዚቀኞች ግን ቀድመው ነበር የገባቸው። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ሰው አልባ ደሴት ላይ ይዤያቸው ከምሄዳቸው አልበሞች አንዱ ነው ብሎለታል። የሮክ ባንዱ የሌድ ዘፔሊን ጊታሪስት ጂሚ ፔጅም አድናቂው ነበር። ፈረንሳዮች በ1995 ትልቁን የሻርል ክሮ አካዳሚ ሽልማት ሰጡት። አውስትራሊያም ወደደችው። የገዛ አገሩ ናት የዘገየችው። ነቢይ በአገሩ የሚለውን ታውቁታላችሁ።

ከዛ በ1997፣ ሜይ 29 ቀን፣ ሜምፊስ ውስጥ ለሁለተኛው አልበም ባንዱ እስኪመጣ እየጠበቀ ሳለ፣ ልብሱንም ቦቱንም ሳያወልቅ ወደ ዎልፍ ወንዝ ገባ። እየዘፈነ ነበር። አልወጣም። ሰክሮም፣ ዕፅ ወስዶም አልነበረም፣ የመስጠም አደጋ ነው ተባለ። 30 ዓመቱ ነበር። በእኛ ግንቦት 21 ቀን 1989፣ የማርያም ዕለት። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው «እናቱስ?» ብለው ነው የጠየቁት። አለች አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ።

ዓለም «ሃሌሉያ»ን ቁጥር አንድ ያደረገው ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በማርች 2008 አንድ ልጅ በአሜሪካን አይደል ውድድር ላይ ሲዘፍነው ሰዉ የበክሊን ሄዶ አወረደ፣ በቢልቦርድ የዲጂታል ሽያጭ 1ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ገና ላይ እንግሊዝ ውስጥ የኤክስ ፋክተሯ አሸናፊ አሌክሳንድራ በርክ በዚሁ ዘፈን 1ኛ ስትሆን በክሊ 2ኛ ሆነ፤ አንድ ዘፈን አንደኛም ሁለተኛም። ቀጥሎ የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ከሚላቸው ቅጂዎች ጋር መዘገበው። ሟቹን ምን ይጠቅመዋል አትበሉኝ።

ቤት ውስጥ ያለው አቀባበል ደግሞ ሌላ ነው። ወንድሜ ሁለት ዘፈን ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ ያመዋል?» አለ። እናቴ «ሃሌሉያ»ን ወደደችው፣ ትርጉሙን ግን አልነገርኳትም። አንድ የሰፈር ጓደኛዬ መሀሉ ላይ «የሚደነሰው ስንተኛው ነው?» አለኝ። የሚደነስ የለም። ለሠርግ፣ ለጂም፣ ለታክሲ የሚሆን አልበም አይደለም። ብቻውን ለሆነ፣ የትም መሄድ ለማይችል፣ ለሚጠብቅ ሰው ነው። መብራት የጠፋበት ማታም ይሆናል። ዘፈን እየዘለላችሁ አትስሙት፣ ከ«ሞጆ ፒን» ጀምራችሁ ውረዱ። እኔ ከ10 ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለ«ኢተርናል ላይፍ» ነው። ለሲዲ ማቀፊያው ዜሮ።

አልበሙ ሲያልቅ ገና ጨለማ ስለነበር እንደገና ከመጀመሪያው ለቀቅሁት። ጋሼም አልወረዱም። «ላቨር» ላይ ስንደርስ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሁሉም ሞተሩን አስነሳ፣ እኔም ቁልፉን አዞርኩ። ቸክ። ድጋሚ ቸክ። ከዛ እሱም ቀረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞተር አጥፍቼ ሲዲ ስሰማ ባትሪው አልቋል። ከኋላ ጡሩምባው ተለቀቀ።

ጋሼ ነቅተው ወረዱ፣ ሦስት ሹፌር ጠርተው ከኋላ ያዙኝ። «አንድ፣ ሁለት!» ተባለ፣ ኮሮላው ተንከባለለ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለቀው ዘለለና ተነሳ። ሲዲውም አብሮ ነቅቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ያ ከሩቅ የሚመጣ ማንጎራጎር። ጋሼ እያለከለኩ በመስታወቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«በል አሁን ዝጋው! ለማታ ደግሞ ታሰማኛለህ፣ ያቺን በሩ ላይ ቆሞ የሚላትን።»